ዘረ መላቸው በቤተ ሙከራ ስለተቀየረ ሕፃናት ለዓለም ጤና ድርጅት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለዓለም ጤና ድርጅት
ለክቡር ዶ/ር ቴድሮስ አድኃኖም ገብረኢየሱስ፣ ዋና ዳይሬክተር
ለዓለም ጤና ጉባኤ አባል አገራት ተወካዮች
ጄኔቫ

ጉዳዩ፦ ዘረ መሉ የተቀየረ ሽል ወደ ማህፀን እንዳይገባ ዓለም አቀፍ እገዳ እንዲወሰን ስለመጠየቅ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

በጁላይ 2019 ባወጡት መግለጫ፣ ለትውልድ የሚተላለፍ የሰው ዘረ መል (ልጅ ከወላጆቹ የሚወርሰው የሰውነት መመሪያ) ለውጥ የሚያስከትለው ነገር በቅጡ እስኪመረመር ድረስ የየአገሩ ተቆጣጣሪዎች ተጨማሪ ሥራ እንዳይፈቅዱ ጠይቀው ነበር። (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ያ ቃል በወቅቱ ተገቢ ነበር። ዛሬ ግን አይበቃም። ይህን የምጽፍልዎ ያ ጥያቄ ወደ ውሳኔ እንዲያድግ ለመማጸን ነው። በአማርኛ የምጽፈውም ነገ እንዲህ ያለ ሙከራ ወደ እኛ ቢመጣ ቀድሞ የሚጠራቸው ጥንዶች በገዛ ቋንቋቸው አንብበው እንዲጠብቁት ብዬ ነው።

ተመራማሪ አይደለሁም። በኤችአይቪ ሕክምና ክፍል የምክር አገልግሎት ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚያ ክፍል ደጋግመው ከሚነሱ ጥያቄዎች አንዱ፣ ከባልና ሚስት አንዳቸው ቫይረሱ በደማቸው ኖሮ ሌላኛው ነጻ ሲሆን፣ ልጅ መውለድ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። አማት «ምነው ዘገያችሁ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች፤ ጎረቤት ያወራል፤ ለማንም ያልተነገረው ምስጢር ደግሞ ሁለቱን ብቻ እያስጨነቀ ይኖራል። ስለዚህ ዘረ መላቸው ስለተቀየረ ሕፃናት ከቻይናዋ ሼንዘን ከተማ የወጣው ዜና ሲደርሰኝ ከሁሉ አስቀድሜ ያሰብኩት የሙከራው ስምምነት ወረቀት ላይ ስለፈረሙት እናትና አባት ነበር።

ታሪኩን ለማያስታውስ አንባቢ ባጭሩ ልድገመው። በኖቬምበር 2018 መጨረሻ፣ በሼንዘን በሚገኘው የደቡብ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረ ሄ ጂያንኩይ የተባለ ተመራማሪ፣ ሽል ሳሉ ዘረ መላቸው ክሪስፐር በተባለው፣ የተመረጠን የዘረ መል ቦታ ፈልጎ በሚቆርጥ ዘዴ የተቆረጠ መንታ ሴት ልጆች መወለዳቸውን አስታወቀ። በዚያው ሳምንት ሆንግ ኮንግ ላይ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሥራውን በመድረክ አቀረበ። በኋላ ከሌላ ቤተሰብ ሦስተኛ ልጅ ተወለደ። የጓንግዶንግ ክፍለ አገር መርማሪዎች በጃንዋሪ 2019 የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ የሐሰት መሆኑንና ለደም ምርመራ በሰዎቹ ምትክ ሌሎች መቅረባቸውን ገለጹ። በዲሴምበር 2019 ማብቂያ አንድ የሼንዘን ፍርድ ቤት የሦስት ዓመት እስራትና የ3 ሚሊዮን ዩዋን ቅጣት ፈረደበት፤ ሁለት ተባባሪዎቹም ተቀጡ። በ2022 ከእስር ወጣ። ብዙ ሰው ጉዳዩ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስለዋል።

እኔን ግን የሚያሳስበኝ ከችሎቱ በፊት የነበረው ነው። አባቶቹ ቫይረሱ በደማቸው ነበረ፤ እናቶቹ ነጻ ነበሩ። ከእንዲህ ያሉ ጥንዶች ጤነኛ ልጅ እንዲወለድ የማንንም ዘረ መል መንካት አያስፈልግም። የወንዱ ዘር ከፈሳሹ ተለይቶ ታጥቦ በቤተ ሙከራ ከእንቁላሉ ጋር ሊዳቀል ይችላል፤ በዚያው ሙከራ ውስጥም ዘሩ አስቀድሞ ታጥቧል። ከዚህ የቀለለ መንገድም አለ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የወሰደና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ይህን ድርጅትዎ ያስተምራል፤ እኛም በየምክር ክፍሉ እንናገራለን። በኢትዮጵያ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው፤ እርስዎም የጤና ጥበቃ ሚኒስትር የሆኑት በዚያው ዓመት ነበር። ከዚያ ወዲህ አባታቸው ወይም እናታቸው ቫይረሱ እያለባቸው ነጻ ሆነው የተወለዱ፣ ዛሬ ደብተር ይዘው ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች በየሰፈሩ አሉ። ያዳናቸው ወላጆቻቸው በየቀኑ የዋጡት ክኒንና በጤና ጣቢያው ያገኟቸው ነርሶች ናቸው።

ታዲያ የቻይናዎቹ ጥንዶች ወደዚያ ሙከራ ለምን ሄዱ? በወቅቱ በአገራቸው በነበረው ደንብ ቫይረሱ ያለበት ሰው በቤተ ሙከራ የመዳቀል አገልግሎት አያገኝም ነበር። ልጅ ይፈልጋሉ፤ የሚቀበላቸው ክሊኒክ የለም፤ ምስጢራቸው ቢወጣ መገለል አለ። በዚህ መሃል አንድ ከውጭ ተምሮ የመጣ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው፣ ወጪውን ሁሉ እችላለሁ፣ ልጃችሁም ከበሽታው የተጠበቀ ይሆናል አላቸው። የተመለመሉት ደግሞ ቫይረሱ ያለባቸውን ወገኖች በሚደግፍ ማኅበር በኩል ነበር፤ ገመናቸውን ገልጠው በሚያወሩበት፣ በሚያምኑት በኩል። ስምንት ጥንዶች ገቡ። አንዱ ጥንድ አቋርጦ ወጣ።

የፈረሙበት ቅጽ ሥራውን የሚጠራው «የኤድስ ክትባት ልማት ፕሮጀክት» ብሎ ነው። ልጃችሁ ላይ፣ ከእሱም በሚወለዱት ላይ ተወራርሶ የሚኖር ለውጥ እናደርጋለን የሚለው ነገር በባለሙያ ቃላት ተሸፍኗል። ያልታሰበ የዘረ መል ጉዳት ቢደርስ ቡድኑ ኃላፊነት እንደማይወስድ ተጽፏል። ሽሉ ወደ ማህፀን ከገባ በኋላ እናቋርጥ የሚሉ ጥንዶች የወጣባቸውን ገንዘብ እንዲመልሱም ያስገድዳል። ይህን እስር ቤት እንጂ ስምምነት ልለው አልችልም።

የምክር ክፍል ውስጥ የሠራ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ለልጅ ብሎ የቆረጠ ሰው ወረቀት አያነብም። እኔ ራሴ ቅጽ ዘርግቼ አንቀጽ በአንቀጽ ሳስረዳ ዓይናቸው የሚፈልገው የፊርማውን ቦታ ነው። የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ልጁ ደህና ይሆናል? ይህ ስንፍና ወይም አለማወቅ እንዳይመስልዎ፤ የተማሩትም እንዲሁ ናቸው። ከብዙ እምቢታ በኋላ «እሺ» ያላቸውን ባለሙያ ላለማስቀየም ሲሉ የማይስማሙበትን ሁሉ ይውጣሉ። ፈቃድ ትርጉም የሚኖረው እምቢ ብሎ የሚሄድበት ሌላ ቦታ ላለው ሰው ነው። ለእነዚያ ጥንዶች ሌላ ቦታ አልነበረም፤ ያን ያደረገባቸውም ሕጉና መገለሉ ነበር። ሄ ጂያንኩይ የተጠቀመበት ከክሪስፐር ይልቅ ይህን ክፍተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ የደብዳቤዬ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

ወደ ልጆቹ ልምጣ። እንዲሰናከል የታለመው ሲሲአር5 የተባለው ዘረ መል ነው፤ አብዛኛው የኤችአይቪ ዝርያ ወደ ነጭ የደም ሕዋስ የሚገባበትን በር የሚሠራ። ከሰሜን አውሮፓ ሰዎች መካከል ከመቶ አንድ ያህሉ በዚህ ዘረ መል ላይ የ32 ፊደል (መመሪያው የተጻፈባቸው ኬሚካላዊ ምልክቶች) ጉድለት ከእናትም ከአባትም ይወርሳሉ፤ ቫይረሱም በቀላሉ አይዛቸውም። ተመራማሪው ያን መቅዳት ፈለገ። አልቀዳውም። ራሱ ባቀረበው መረጃ መሠረት በመንታዎቹ ላይ የተፈጠረው ለውጥ ያ የታወቀው ጉድለት አይደለም፤ በማንም ሰው ላይ ተጠንቶ የማያውቅ አዲስ ነገር ነው። ከዚህም በላይ፣ በአንደኛዋ ላይ ከሁለቱ የዘረ መሉ ቅጂዎች አንዱ ሳይነካ ቀርቷል። ታለመ የተባለውን ጥበቃ እንኳ አታገኝም ማለት ነው። ይህ ሽሉ ወደ ማህፀን ከመግባቱ በፊት ታውቋል። እያወቁ አስገቡት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። የማትጠቀምበትን ለውጥ በሕይወቷ ሙሉ እንድትሸከም የተደረገች ልጅ አለች። ለእሷ ጥቅም ሲባል ተደረገ የሚል ክርክር ሁሉ እዚህ ላይ ይወድቃል። ለመረጃ ነው የተፈለገችው።

በዚህ ላይ፣ ከሽል የሚወሰደው ናሙና ጥቂት ሕዋስ ብቻ ስለሆነ፣ የቀሩት ሕዋሳት አንድ ዓይነት ለውጥ ይኑራቸው አይኑራቸው ከእሱ ማረጋገጥ አይቻልም። በሽሎች ላይ በተደረጉ ሌሎች የምርምር ሥራዎችም ክሪስፐር ከቆረጠበት ቦታ ላይ ትልልቅ የዘረ መል ክፍሎች፣ አንዳንዴም አንድ ሙሉ ክሮሞዞም (ብዙ ዘረ መሎችን የያዘ ጥቅል) ሲጠፋ ታይቷል። ቫይረሱም ቢሆን በሌላ በር የሚገባ ዝርያ አለው።

ሁሉም እንደታሰበው ቢሳካስ ኖሮ? ሲሲአር5 የሌለው ሰው የዌስት ናይል ቫይረስ ሲይዘው የመታመም ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። በጁን 2019 ሁለት ተመራማሪዎች የዚህ ዘረ መል ሁለቱም ቅጂ የጎደላቸው ሰዎች ዕድሜ ያጥራል የሚል ጥናት በታወቀ መጽሔት አሳተሙ፤ በኦክቶበር የመረጃ ስህተት ተገኝቶበት ጽሑፉን አነሱት። እንዲህ መሆኑ ለሳይንስ ክብር ነው። ጽሑፍ ተሳስቶ ሊነሳ ይችላል። እነዚያ ልጆች ውስጥ የገባው ለውጥ ግን የሚያነሳው የለም፤ ሲያድጉና ሲወልዱ ለልጆቻቸው ሊያወርሱት ይችላሉ። ከአንድ ዘረ መል ጋር ስንት ሥራ እንደተያያዘ የምናውቀው ገና በጥቂቱ ነው። ሲክል ሴል የሚባለውን አሠቃቂ የደም በሽታ የሚያመጣው ለውጥ እንኳ ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስ ልጁን ከከባድ ወባ ይጠብቀዋል።

ከአገሬ አንድ ጉዳይ ልጨምር። በወላይታና በሌሎች ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ባላቸው ደጋማ አካባቢዎች፣ በባዶ እግሩ አፈሩን ሲረግጥ የኖረ ገበሬ እግሩ የሚያብጥበት፣ ባለሙያዎች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት፣ ሰው ግን ዝሆኔ ብሎ የሚጠራው ሕመም አለ። ተላላፊ አይደለም። በ2012 የታተመ ከወላይታ በተሰበሰበ ናሙና ላይ የተመሠረተ ጥናት ለዚህ ሕመም በመጋለጥ ረገድ በዘር የሚወረስ ድርሻ መኖሩን አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ያደረጉትን ልብ ይበሉልኝ። ሕመሙ የዘር ነው ከተባለ ልጆቻችን ይበልጥ ይገለላሉ የሚል ፍርሃት በሕዝቡ ዘንድ መኖሩን አጥንተው፣ ፈቃድ አጠያየቃቸው ያን መገለል እንዳያባብስ ተጨነቁበት። ሰውን ከናሙናው አስቀደሙ። መከላከያውስ? ጫማ ነው። ጫማ፣ ውሃና ሳሙና። የዘር ተጋላጭነት ስለተገኘ የሚቀጥለው እርምጃ ዘሩን ማረም ነው ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያ መንደር ቢሰማራ ለአንድም ልጅ ጫማ ሳይገዛ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ያወጣ ነበር።

ይህን ስል የዘረ መል ሕክምናን ሁሉ እንደምቃወም እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በኖቬምበር 2023 ብሪታኒያ፣ በዲሴምበር ደግሞ አሜሪካ የፈቀዱት ካስጌቪ የተባለው ሕክምና የሲክል ሴል ታማሚን የራሱን የመቅኔ ሕዋስ አውጥቶ፣ በክሪስፐር አርሞ ይመልስለታል። ዕድሜ ልካቸውን በሕመም ሲጮሁ የኖሩ ሰዎች አርፈዋል። በ2025 ፊላዴልፊያ ውስጥ ሰውነቱ አሞኒያን ማስወገድ የማይችል አንድ ጨቅላ፣ ለእሱ ብቻ ተብሎ በጥቂት ወራት ውስጥ በተሠራ የዘረ መል ማረሚያ መታከሙ ተነገረ። ያን ዜና ሳነብ አልቅሻለሁ። በእነዚህ ሁሉ ታማሚው ተወልዶ አለ፣ ሕመሙ አለ፣ የሚደረገውም ለውጥ ከእሱ አያልፍም። በሽል ላይ የሚደረገው ግን ከሰውየው በፊት ይቀድማል፤ ከእሱም በኋላ ይቀጥላል።

የቁጭቴ ምክንያት ሌላም ነው። ካስጌቪ በአሜሪካ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ተተምኗል። በዓለም ላይ ሲክል ሴል ይዘው ከሚወለዱ ሕፃናት ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት ከሰሃራ በታች ባለችው አፍሪካ ነው የሚወለዱት። ተወልደው ለሚያለቅሱት የሚሆን ገንዘብ ሳይገኝ ገና ላልተፀነሱት ገንዘብ ሲፈስ ማየት ያማል።

ከባድ በሽታ በዘር የሚያወርሱ ወላጆችስ? ይህን ጥያቄ አቅልዬ አላየውም፤ ልጅ ቀብሮ ሌላውን ለመፀነስ የሚፈራን ሰው አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ለአብዛኞቹ ዛሬም መንገድ አለ፤ በቤተ ሙከራ ከተዳቀሉት ሽሎች መካከል በምርመራ በሽታው የሌለበትን ለይቶ ወደ ማህፀን ማስገባት። ይህም የራሱ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለው፣ ግን በልጁ ውስጥ ያልነበረ ነገር አይፈጥርም። ጤነኛ ሽል ፈጽሞ የማያገኙ ጥንዶች፣ ለምሳሌ ሁለቱም ከእናትም ከአባትም በሚወረስ አንድ ዓይነት የዘር በሽታ የታመሙ፣ በጣም ጥቂት ናቸው። እነሱን ምርምሩ በቤተ ሙከራ ተወስኖ እስኪበስል ጠብቁ ማለት ጭካኔ ሊመስል ይችላል። ከዚያ የሚከፋው ግን የእነሱን እንባ መግቢያ አድርጎ ለሁሉም መክፈት ነው።

መግቢያው ከተከፈተ ወዴት እንደሚያመራ ምልክቱ ታይቷል። ሼንዘን ላይ ክሱ ተጀምሮ ሳያልቅ፣ በዚያው 2019፣ አንድ የሩሲያ ተመራማሪ መስማት የተሳናቸው ወላጆች ልጅ እንዲሰማ ሽሉን ላርም ብሎ ተነሳ። በእኛ አገር መስማት የተሳነው ልጅ የሚፈልገው የምልክት ቋንቋ የሚችል መምህርና የማያፍርበት ቤተሰብ ነው። ዛሬ በአሜሪካ ሽል መርምረው የልጁን ቁመትና የማሰብ ችሎታ እንገምታለን የሚሉ ኩባንያዎች አገልግሎታቸውን ይሸጣሉ። ማን መወለድ ይገባዋል የሚለውን ጥያቄ መንግሥት ሲመልስ ምን እንደሆነ ዓለም አይቷል፤ የ1933ቱ የጀርመን ሕግ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰዎችን በግድ አምክኗል። ገበያ ሲመልሰው ዱላ ላይኖር ይችላል። ሆኖም ልጁን «ያላስተካከለ» ወላጅ እንደ ቸልተኛ የሚታይበት ቀን ሲመጣ፣ አካል ጉዳት ይዞ የተወለደ ሕፃን የወላጆቹ ጥፋት ተደርጎ ይቆጠራል። ቫይረሱ ያለባቸው እናቶች «ለምን ወለድሽ» ሲባሉ ስለሰማሁ ይህ ለእኔ ግምት አይደለም።

ክቡር ሆይ፣ ድርጅትዎ ዝም አላለም። ያቋቋሙት የባለሙያዎች ኮሚቴ በጁላይ 2021 የአስተዳደር ማዕቀፍና የውሳኔ ሐሳቦች አውጥቷል፤ መልካም ሥራ ነው። በማርች 2023 ለንደን የተሰበሰበው ሦስተኛው የሰው ዘረ መል ለውጥ ዓለም አቀፍ ጉባኤም ለትውልድ የሚተላለፍ ለውጥ በአሁኑ ጊዜ ተቀባይነት የለውም ብሏል። በሜይ 2025 የሕዋስና የዘረ መል ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበራት ራሳቸው የአሥር ዓመት ዓለም አቀፍ እገዳ ጠይቀዋል። ይህን ያሉት ከዘርፉ እንጀራ የሚበሉ ሰዎች መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው። በዚያው ዓመት ግን ሽል የማረምን ሥራ ዓላማቸው ያደረጉ ጀማሪ ኩባንያዎች በአሜሪካ በግልጽ ተነሱ፤ አንዱ ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር ማሰባሰቡን አስታወቀ። አሜሪካ ውስጥ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ማመልከቻ እንዳይመለከት ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በበጀት ሕጉ ተከልክሏል። ስለዚህ ባለገንዘቡ ዓይኑን ወደ ውጭ ያማትራል።

ይህም ስጋት ብቻ አይደለም። በ2016 ከዮርዳኖስ የመጡ፣ በዘር በሚወረስ የሚቶኮንድሪያ (በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) በሽታ ሁለት ልጆች የሞቱባቸው ጥንዶች፣ የሌላ ሴት ሚቶኮንድሪያ በገባበት እንቁላል ወንድ ልጅ ወለዱ። ሐኪሙ የኒውዮርክ ነበር። ሥራው የተሠራው ሜክሲኮ ነው፤ በአሜሪካ አይፈቀድምና። ያ ዘዴ ከክሪስፐር የተለየ ነው፤ ብሪታኒያ በ2015 በሕግ ፈቅዳ በጥብቅ ቁጥጥር ትሠራበታለች። እኔን ያሳሰበኝ መንገዱ ነው፤ እውቀቱ ከአንድ አገር፣ ታማሚው ከሌላ፣ ሥራው ደግሞ ቁጥጥሩ ወደላላበት ሦስተኛ አገር። ቀጣዩ ሦስተኛ አገር የትኛው ይሆናል? ከሰባ በላይ አገሮች እንዲህ ያለውን እርግዝና እንደሚከለክሉ ይታወቃል። የቀሩት ዘንድ፣ ብዙዎቹም የእኔው አህጉር አገሮች፣ ለልጅ የተራቡ ጥንዶች እንጂ ቆራጥ ተቆጣጣሪ ላይኖር ይችላል። እዚያ በሥራ ላይ ያሉ ነርሶችና አማካሪዎች ናቸው መጀመሪያ የሚጠየቁት፤ «ጥንዶች አገናኙን» ተብለው።

ስለዚህ በየዓመቱ በሜይ ወር በጄኔቫ የሚሰበሰበው የዓለም ጤና ጉባኤ ይህን ጉዳይ በአጀንዳ ይዞ፣ ዘረ መሉ የተቀየረ ሽል ወደ ማህፀን እንዳይገባ ቢያንስ ለአሥር ዓመት የሚጸና እገዳ እንዲወስን፣ አባል አገራትም በየሕጋቸው እንዲያስገቡት እንዲጠይቁ እማጸናለሁ። በቤተ ሙከራ የሚደረገው ምርምር በቁጥጥር ይቀጥል። የአሥር ዓመቱ ጊዜ ሲያልቅ ጥያቄውን እንደገና ሲከፍቱ አካል ጉዳተኞች፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ወገኖችና ሲክል ሴል ያለባቸው ቤተሰቦች በምስክርነት ሳይሆን በወሳኝነት ይቀመጡ።

ከእገዳው ጋር አብሮ ካልሄደ እገዳውን ከንቱ የሚያደርገውን ደግሞ ልንገርዎ። ኤችአይቪ ያለበትን ሰው ከመካንነት ሕክምና የሚያገል ደንብ ያላቸው አገሮች እንዲያነሱት ድርጅትዎ በስም ጠርቶ ይጠይቅ። መካንነት የጤና ጉዳይ መሆኑን ድርጅትዎ ይቀበላል፤ በየአገሩ ግን አገልግሎቱ ገንዘብ ላለው ብቻ ሆኖ ቀርቷል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል በ2019 ሲከፈት የሰው ጉጉት ምን ያህል እንደነበረ አስታውሳለሁ። በመንግሥት ተቋም፣ በሚታወቅ አሠራር፣ ተጠያቂ ባለበት ቦታ አገልግሎት የሚያገኝ ጥንድ ምስጢራዊ ሙከራ አይፈልግም።

ስለ ዝምታም አንድ ነገር። ሄ ጂያንኩይ ያቀደውን ከመታወጁ በፊት በአሜሪካ ያሉ አንዳንድ ሳይንቲስቶች ያውቁ ነበር። አንዳንዶቹ አታድርግ ብለውታል። ለማን እንደሚነገር ግን የሚታወቅ ቦታ አልነበረም፤ ወይም አልፈለጉም። ኮሚቴዎ በ2021 ጥቆማ የሚቀበል አሠራር እንዲኖር መክሯል። ያ አሠራር በእንግሊዝኛ ብቻ ለሚጽፍ ፕሮፌሰር የሚሆን እንዳይሆን አደራ። ከጎንደር፣ ከካምፓላ ወይም ከጓንግዡ አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ በራሷ ቋንቋ፣ ሥራዋን ሳታጣ፣ «እዚህ የሚሠራው ልክ አይደለም» ማለት ትቻል፤ ጥቆማዋም ምን እንደተደረገበት ይመለስላት።

የመጨረሻው ስለ ሦስቱ ልጆች ነው። ዛሬ የተማሪነት ዕድሜ ላይ ናቸው። ስማቸው እንዳይወጣ መደረጉ ትክክል ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን የሚከታተላቸው ሐኪም የሙከራው ባለቤት ወይም የእሱ ወዳጅ እንዳይሆን፣ የሕክምና ወጪያቸው ዕድሜ ልካቸውን እንዲሸፈን፣ ናሙና መስጠት የሕክምና ቅድመ ሁኔታ እንዳይሆንባቸው፣ ከፍ ሲሉም በላያቸው ላይ የተደረገውን ከጋዜጣ ሳይሆን ከሚያምኑት ባለሙያ አጠገብ ተቀምጠው እንዲሰሙ ከቻይና መንግሥት ጋር ይነጋገሩ። አድገው ልጅ ለመውለድ ሲያስቡ የሚያማክራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ያም ሰው ከአሁኑ ይታሰብ። ለእነዚህ ጥያቄዎች ከኃላፊነትዎ ሳይነሱ በይፋ መልስ እንዲሰጡን በትሕትና እጠብቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የኤችአይቪ ምክር አገልግሎት ባለሙያ
አዲስ አበባ